ከጣራው የማይታየው ጨው

ሴትዮዋ ከእንግዳ ማረፊያ ቤቷ ጣራ ላይ ቆማ በዐይኗ ያላየችው ነገር ድስቷ ውስጥ አይገባም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ገበያ ወርዳ ሽንኩርት ስታይ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቀው «ማሳህ የቱ ጋ ነው?» ብላ ነው። «ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ዛፍ በስተግራ» ካላት ሽንኩርቱን እዚያው ትታ ቤቷ ትመለሳለች፣ መሰላሉን ታስጠጋለች፣ ቆርቆሮው ላይ ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታያለች። ማሳው ከታየ ተመልሳ ትገዛለች። ካልታየ ግን ሰውዬው ሽንኩርት ሳይሆን የሰው ኩላሊት ሊሸጥላት የሞከረ ይመስል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የለም። የከተማው ሰው ከኋላዋ «እትዬ ጣራ» ይላታል። ፊት ለፊት የሚላት የለም፤ ጭልፋዋ ረጅም ነው።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ወጣት ሳለች ሩቅ ከተማ ሄዳ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ሠርታለች። እዚያ ቤት ሁሉ ነገር ከቆርቆሮ ነው የሚወጣው፦ አተሩ ከቆርቆሮ፣ ቲማቲሙ ከቆርቆሮ፣ ዋናው ሼፍ ራሱ ከቆርቆሮ የወጣ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን እሷ ከሀገር ቤት ባስመጣችው ባቄላ ሾርባ ሠርታ አቀረበችለት። ቀመሰና «እጅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ገጠር ገጠር ይላል» አላት። ሽርጧን ፈታች፣ የሚፈላው ድስት ውስጥ ጨመረችው፣ «እንግዲህ ከተማ ከተማ እንዲል ይሄን ቅቀልበት» ብላ ወጣች።

ተመልሳ የመጣችው አክስቷ ወዳወረሷት ማረፊያ ቤት ነው። አክስትየዋ ሊሞቱ ሲሉ የነገሯት «አልጋዎቹን ሸጠሽ ሂጂ፣ ቤቱ አይረባም» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ጣራው ያፈስሳል፣ አልጋዎቹ እንግዳ ሲገላበጥ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳሉ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አልጋውን ትታ ወደ ሰፈሩ አሮጊቶች ቤት መሄድ ጀመረች። አንዷ ጋ ቁጭ ብላ የባቄላ ሾርባ ሲሠራ ታያለች፣ ሌላዋ ጋ የበግ ሥጋ ከጎመንና ከድንች ጋር ቀስ ብሎ ሲበስል ትጠብቃለች፣ ሦስተኛዋ ጋ የገብስ ዳቦ ረመጥ ውስጥ ሲቀበር አብራ ትቀብራለች። አሮጊቶቹ መጀመሪያ ሰላይ መሰለቻቸው። በኋላ ለመዷት፣ ያዟት፣ ሰደቧት፣ አስተማሯት። ከዚያ አንድ በአንድ መሞት ጀመሩ። በየቀብሩ ላይ እሷ የምታለቅሰው ለሴትየዋም ለድስቷም ነበር።

ባሏ ሹፌር ነው። አሁን መኪና አይነዳም፣ ስሙ ግን አብሮት ቀርቷል። የጭነት መኪናው በሯ ላይ ተበላሽቶ ቆመ፣ እሱ መለዋወጫ እስኪመጣ ብሎ ገባ፣ ሾርባዋን በላ። መለዋወጫው መጥቷል ይላሉ፤ እሱ ግን አልተነሣም። መኪናው እስከዛሬ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ዶሮ እንቁላል ይጥልበታል፣ ጋቢናው ውስጥ። እሱ ደግሞ እንጨት ይፈልጣል፣ አልጋ ይጠግናል፣ ሳህን ያመላልሳል። ከድስት ግን ታርቀዋለች። «ሹፌር ምግብና መኖ አይለይም» ትላለች፣ እሱ እየሰማ። እሱም ይስቃል። ጠጉሩ እየሸሸ ሆዱ እየቀደመ የሚሄድ፣ ነገር የማያከብድ ሰው ነው።

እንግዲህ ጉድ የፈላው በአንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። መመገቢያ ክፍሉ ጢም ብሏል። እሷ እንደልማዷ ጭልፋዋን ይዛ ከወጥ ቤት ወጥታ ስብከት ጀመረች። «እዚህ ሳህን ውስጥ ያለው ሁሉ ከጣራዬ ይታያል። ባቄላው ይታያል። በጉ የጋጠበት ሜዳ ይታያል። ውሃው የተቀዳበት ምንጭ ይታያል።»

ጥግ ላይ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ አስተማሪ ተቀምጦ ነበር። ነገረኛ ነው፤ አርባ ዓመት ልጆችን ሲያርም ኖሮ አሁን የሚያርመው ያጣ። አፉን ጠርጎ «ጨዉስ?» አላት።

«ጨዉ ምን ሆነ?»

«ይታያል ወይ ነው የምልሽ። እኔ እስከማውቀው ጨው የሚመጣው በመኪና ስንት አገር አቋርጦ ነው። ጣራሽ ከፍታው ምን ያህል ቢሆን ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ጭልፋዋን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ ደሟ እየፈላ። በማግስቱ ጠዋት የጨዉን ማሰሮ አቅፋ ወጣችና የጎረቤቷን ላሞች አስላሰቻቸው። ላሞቹ እንደዚያ ቀን ተደስተው አያውቁም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጨው እኮ ጨው ነው» አላት ሹፌሩ።

«ቃልም ቃል ነው። ከጣራዬ ካልታየ አይገባም ብያለሁ።»

«እንግዳ ይሸሻል።»

«ይሽሽ። መቅመስ የማይችል እንግዳ ምን ያደርግልኛል?»

እንግዳ መሸሽ ጀመረ። አንዱ ሾርባውን ሁለት ጊዜ ጎረሰና «ሰው ሞቶባችኋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «ሹፌር፣ እኛ እኮ አልታመምንም» አለ። ሹፌሩ ሚስቱን ያውቃታል። ቤቱ ይዘጋል እንጂ ሴትዮዋ ከቃሏ ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ገበያ ወረደ፣ አንድ ከረጢት ጨው ገዛ፣ ጋቢናው ውስጥ ከወንበሩ ሥር፣ ከእንቁላሉ ጎን ደበቀው። ከዚያ የድሮ የሹፌር ኮቱን ለበሰ።

ከወጥ ቤቱ ወደ መመገቢያ ክፍሉ የሚያስኬደው ኮሪደር መሐሉ ላይ ይታጠፋል። እጥፋቱ ላይ አንዲት መደርደሪያ አለች። እዚያ ሲደርስ ትሪውን ያስቀምጣል፣ ከቀኝ ኪሱ ጨው ቆንጠር ያደርጋል፣ በየሳህኑ ይበትናል፣ ከደረት ኪሱ ማንኪያ አውጥቶ ያማስላል፣ ማንኪያውን ኮቱ ላይ ይጠርጋል። የንጽሕናውን ነገር ለፈጣሪ እንተወው። የግራ ኪሱ የዶሮ ጥሬ ነው፤ አንድ ቀን ተሳስቶ ከግራው ዘግኖ በተነ። እንግዳው ሲያላምጥ ቆየና «ይሄ ፍሬ የዚህ አገር ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ጨምሩልኝም አለ።

ሰዉ ሁሉ ያውቃል። የከተማው ሰው፣ መንገደኛው፣ ምንጣፍ ሻጩ፣ ሁሉም። አንድም ሰው ግን አልነገራት። አስተማሪው በተለይ አፉን እንደ ዕቃ ዘጋው። ከሁሉም የማታውቀው እሷ ናት። እሷማ እንግዳው ሳህኑን ጠርጎ ሲበላ ስታይ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል፤ ወጥታም ትሰብካለች። «አያችሁ? መሬቱ ራሱ ጨው አለው። ሰው ነው መቅመስ ያቃተው።» እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳህን ሳህናቸውን ያያሉ። ወሬው ሩቅ ደረሰ። ያለጨው የምታበስል፣ ምግቧ ግን የሚጣፍጥ ሴት አለች ተብሎ ከሌላ አገር ሁሉ ይመጡ ጀመር።

እንግዳው ሲሄድ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ከድስቱ ቀጥታ የተጨለፈ፣ ኮሪደር ያላለፈ። እሷ እየጎረሰች አፉን ታያለች። «እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ምን ይወጣለታል» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመታት ሄዱ፣ የእሷ ጉልበት ታመመ፣ የእሱ ጠጉር ጨርሶ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአካባቢው የወጥ ቤት ባለሙያዎች ማኅበር ወጣቶች የአካባቢውን ምግብ የሚማሩበት አንድ ቤት ሊመርጥ ነው ተባለ። ይሄን ስትሰማ ሴትዮዋ እንቅልፍ አጣች። ልጅ የላትም። አሮጊቶቹ በሙሉ አልቀዋል፤ የእነሱ ሾርባ፣ የእነሱ ዳቦ አሁን ያለው በእሷ እጅ ብቻ ነው። እሷ ስትሞት ያበቃለታል። ሌላው ተወዳዳሪ ደግሞ የማኅበሩ ሊቀመንበር የሚስቱ ወንድም ሆቴል ነው፤ አውራ ጎዳናው ዳር ያለው። እዚያ ቤት «የአካባቢ ምግብ» ተብሎ የሚቀርበው ባቄላ ከቆርቆሮ ሲገለበጥ ክብ ቅርጹን እንደያዘ ነው። «ለሱ ከሰጡት» አለችው ባሏን፣ «እነዚያ ሴቶች ሁለተኛ ሞቱ ማለት ነው።» እሱ ጉልበቷን አሸላት።

ሊቀመንበሩና ጓደኞቹ ሊቀምሱ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ነጭ ሽንኩርት አለቀ። አዲስ ሻጭ መጣ፣ ማሳዬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው አለ። ጉልበቷ መሰላል አያስወጣትም።

«ውጣና እይልኝ» አለችው ባሏን።

«ዛሬ እንኳ ተይው በናትሽ። ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ምስክር አይጠራም።»

«ዛሬማ በተለይ።»

ወጣ። ወፍጮ ቤቱን አየ፣ ከጀርባው ያለውን ለማየት ተንጠራራ፣ ቆርቆሮው አንሸራተተው። የወደቀው ዶሮዎቹ መሐል ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ እግሩ መሰበሩን አይታ ጠፍራ አሰረችው፣ ከአልጋ እንዳይነሣም አስጠነቀቀችው። ከወጥ ቤቱ በጣውላ ግድግዳ ብቻ በምትለየው መኝታ ክፍላቸው አስተኙት። ኮቱ ከራስጌው ሚስማር ላይ ተሰቀለ። እሱ ሕመሙን ረስቶ ኮቱን ያያል።

ሳህን እንድታመላልስ የተጠራችው የሱ ታናሽ እህት ናት። ሬዲዮ ነው የሚሏት። ሹክ ማለት የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም፤ የመኝታ ቤት ወሬዋ ገበያ ይሰማል፤ የጨዉን ነገር ሰዉ ከሷም የደበቀው ለዚህ ነው።

ምሳው ሊቀርብ ሲል ሹፌሩ ጠራት። «ነይ እስኪ። ኮቴን ለብሰሽ ነው የምትገቢው።»

«ይሄን ድሪቶ? እንግዳ ፊት? የሞተ ፍየል እኮ ነው የሚሸተው!»

ሚስቱ ከግድግዳው ወዲያ ቆማለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይበል? ሬዲዮ ትሪዋን ይዛ ሄደች። እሱ ብርድ ልብሱን ነከሰ።

ሾርባው ሄደ፣ ሾርባው ተመለሰ። ሙሉውን። ሴትዮዋ ከአንዱ ሳህን ቀመሰች። እንደሁልጊዜው ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ኮሪደሩ ድረስ ሄዳ በበሩ ቀዳዳ አየች። ሊቀመንበሩ ደንደን ያለ ሰውዬ ነው፤ ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ «ስም ብቻ» አለ ለጎረቤቱ። «ውሃ ላይ የወደቀ ባቄላ ነው።» አስተማሪው ጥጉ ላይ ተቀምጦ የኮሪደሩን በር እያየ ላቡን ይጠርጋል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰበሰበችው ነገር በአንድ ጣት ተገፋ።

ወጥ ቤት ስትመለስ ከግድግዳው ወዲያ የባሏን ሹክሹክታ ሰማች፣ ቃሉ ግን አልተለየላትም። ወዲያው የሬዲዮ ድምፅ ተከተለ።

«ጨው ነው ያልከው? በኮትህ ኪስ? እሷ ሳታውቅ ነው በየሳህኑ የምትጨምረው?»

ይሄን ዶሮዎቹም ሰሙት። ሴትዮዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ገባች። ኮቱን ከሚስማሩ አወረደችና ቀኝ ኪሱ ውስጥ እጇን ከተተች፣ ጣቷን ላሰች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከላሞቹ ወዲህ» አለ ሹፌሩ።

«እንግዶቹ ያውቃሉ?»

«ሁሉም።»

«አስተማሪውም?»

«እሱማ ሲያልቅብኝ ገዝቶ የሚያመጣልኝ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አንገቱን እየደፋ ሳህን የሚያየው ሰው ሁሉ ፊቷ ድቅን አለባት። ስትሰብክ የኖረችው ለካ ለሚያዝንላት ሰው ነው። ከሁሉ የበለጠ ግን አንድ ነገር አንገበገባት። «አንተስ? ከኔ ጋር ስትበላ ሰርቀህ ትጨምር ነበር አይደል?»

«አልጨመርኩም።»

«ውሸታም። የውሸታም ዘር።»

«እሺ፣ ነገ በደንብ ትሰድቢኛለሽ፤ የትም አልሄድ፣ እግር የለኝም። አሁን ግን ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው።»

ሥጋውን እንዳለ ብትልከው ቃሏ ይጠበቃል፣ ቤቱ ለቆርቆሮው ሰውዬ ይሄዳል። በዚህ መሐል የባቄላ ሾርባዋ ባለቤት አሮጊት ትዝ አለቻት፤ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ድስቱን ሳታይ ጨው ዘግና የምትጥልበት እጇ። ባለ ዳቦዋም፣ ባለ በጓም፣ አንዲት ሴት ሳትቀር ሁሉም ይጨምሩ ነበር። እንዲያውም «ጨው አነሰው» ብለው ያልሰደቧት ቀን አልነበረም። አስተማሪውን ለማሳፈር ብላ እነሱን ነው ስታሳፍር የኖረችው። ይሄ እውነት ከኮቱ ሽታ ይልቅ ከነከናት።

ሳህን አመጣች፣ ጨው ቆነጠረች። እጇ አየር ላይ ቀረ። መጠኑን ረስታዋለች።

«ምን ያህል ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ሳህኑን ወደዚህ አምጪው።»

እንዲህ ሆነና የማኅበሩ ምሳ ከአልጋ ላይ ቀረበ። ሬዲዮ ሳህን ታቀርባለች፣ ሹፌሩ ትራስ ተደግፎ ይበትናል፣ ሚስቱ ታማስላለች፣ ሬዲዮ ትወስዳለች። ሳህኖቹ ሲመለሱ ለማጠብ የሚተርፍ ነገር አልነበረባቸውም።

ሊቀመንበሩ የቤቱን ባለቤት ጥሩልኝ አለ። ሴትዮዋ ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ለምን እንዳደረገችው ራሷም አታውቅም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አልገባንም» አላት። «ሾርባው ለሕፃን የሚሰጥ ነው። ይሄ ሥጋ ደግሞ ጣት ያስቆረጥማል። ከአንድ ወጥ ቤት ነው የወጡት?»

«ሾርባውን እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «ሥጋውን ግን ከባሌ ጋር ነው የሠራነው። እስከዛሬ የሰማችሁት የኔ ስም ሁሉ ከሱ ጋር የተሠራ ነው። እኔ ነኝ ያላወቅሁት።» ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረች። «አንተ አስተማሪ። ጨው ከጣራዬ አይታይም። ደስ ይበልህ።»

አስተማሪው ደስ አላለውም፤ መሐረቡን ዐይኑ ላይ አደረገ። ቀሪው ሰው ግን ነገሩ ሲብራራለት፣ ሬዲዮ ነበረች ያብራራችው፣ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ዐይኗ ደም ለበሰ። በኋላ የዶሮው ጥሬ ላይ ሲደረስ እሷም ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ሊቀመንበሩ የሚስቱን ወንድም ፊት ያሰበ ይመስላል፣ ለረጅም ጊዜ ጥርሱን ሲጎረጉር ቆየ። ጓደኞቹ ግን ሾርባውም ጨው ገብቶበት ይምጣልን ብለው ነበር፣ ያንንም ላሱት። ሲወጡ በሩ ላይ «ተማሪዎቹን ከአዝመራ በኋላ እንልክልሻለን» አላት። «ጨዉን ግን ማን ነው የሚያስተምራቸው?»

«እግሩ እስኪድን ከአልጋ ላይ ያስተምራል» አለችው።

ቤቱ ጭር ሲል ድል ያደረገ ሰው እንደሚያደርገው ልትጨፍር ይገባት ነበር። እሷ ግን ነገሩ ከልቧ አልወጣላትም። ያ ሁሉ ዓመት አፉን እያየች «እንዴት ነው?» ስትለው፣ በልቡ እየሳቀባት ይሆን? ለእንግዳ ያዘነ ሰው ለራሱ አያዝንም? ሰውዬው ጨው ኪሱ ውስጥ ነው። እሷ ጭልፋ ልታነሣ ዞር ስትል ስንት ጊዜ ይቆነጥራል። ቢያደርገውም አይፈረድበትም፤ ግን አብረው ሲበሉ የኖሩ እየመሰላት ብቻዋን ስትበላ ኖራለች ማለት ነው።

ከእንግዳው ምሳ ሳይቀርብ የቀረ አንድ ሳህን ሥጋ ነበር፤ እሱ ራሱ በእጁ ጨው የበተነበት። አሙቃ ወሰደችለትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «በል ብላ። በገዛ መጠንህ ነው።»

ጎረሰ። አላመጠ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ ለመዋጥ ታገለ። ውሃ አንሥቶ ግማሹን ጭልጥ አደረገው።

«ምነው?»

«ጨው በዝቷል።»

«አንተው ነህ እኮ የጨመርከው። ሰዎቹ ጣታቸውን ሲቆረጥሙ ነበር።»

«መጠኑን እጄ ነው የሚያውቀው» አለ ሹፌሩ፣ አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «አፌ ከረሳው ቆየ።»

ሴትዮዋ ለመናገር ሞከረች፣ እንባዋ ቀደማት። ጭልፋ በያዘ እጇ ፊቷን ሸፈነች። ከመጨረሻዋ አሮጊት ቀብር ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም፣ የአሁኑ ግን የደስታ ነው።

እሱ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደሷ መለሰው።

«ይሄ የእንግዳ ነው» አላት። «የኛን አምጪልኝ።»